ሰዓት እንደ ሸቀጥ፦ ለመንግሥት ቅጥር ፈተና የሚሆን የጥናት በጀት እንዴት ይወጣል?

በኢንጅባራ ድንች በጅምላ እየገዙ ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ አንድ ነጋዴ በቅርቡ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። «ወንድምዓለም፣ አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል» አሉ። «ታናሽ እኅቴ በአካውንቲንግ ተመርቃ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውላለች። አሁን ለመንግሥት ሥራ ፈተና ልዘጋጅ፣ ሱቁን ለሁለት ወር ተኩል ልተወው ትለኛለች። እሷ ከወጣች ሰው መቅጠሬ ነው። እስቲ አስላልኝ፤ ያዋጣል?»

እኅታቸውም የጥናት ፕሮግራሟን አውጥታ አሳየችን። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈ ሰንጠረዥ ነው። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን፣ ለ10 ሳምንት። ተደምሮ 840 ሰዓት ይሆናል። ሰንጠረዡ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ በውስጡ ቅዳሜና እሑድ የለም፤ ለቅሶ የለም፤ መብራት አይጠፋም፤ እንግዳ አይመጣም፤ ተማሪዋም አትታመምም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያንን ሰንጠረዥ ሲያይ የራሱን አስታወሰ። እንደ ተመረቀ ሰሞን እርሱም በቀን 10 ሰዓት የሚል ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር። በአራተኛው ቀን የዘመድ ለቅሶ መጣ፤ ሁለት ቀን ተበላ። ያለፈውን ለማካካስ በቀን 14 ሰዓት ብሎ ከለሰ፤ በሳምንቱ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሣው። ፈተናውንም ወደቀ። በሚቀጥለው ዙር በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይዞ ገባ፤ አለፈ። ልዩነቱን ያመጣው የጭንቅላት ለውጥ ሳይሆን የሒሳብ ለውጥ ነበር። እነሆ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው ዋጋ የጤፍ ወይም የቡና ሳይሆን የሰዓት ዋጋ ነው።

የፈተናው ገበያ

ሰውን በዘር ወይም በትውውቅ ሳይሆን በፈተና አወዳድሮ ለመንግሥት ሥራ መመልመል አዲስ ነገር አይደለም። ቻይና ከ605 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህንን ሥርዓት አካሂዳለች። በእንግሊዝ አገር የኖርዝኮትና ትሬቬልያን ሪፖርት በ1854 እ.ኤ.አ. ቀርቦ በውድድር መቅጠርን አስጀምሯል። በእኛም አገር በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቁሞ የመንግሥት ሠራተኛ አስተዳደር በአንድ ሕግ ሥር እንዲገባ ተደርጓል። ዛሬ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1353 የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው ሕግና ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አላቸው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ለሚገኝ ወጣት እንግዲህ በሩ ቢያንስ ሁለት ነው፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው አዲስ አበባ።

ፈተና እየጠበቀ መምጣቱንም ሁሉም ያየው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ከአሥሩ ዘጠኙ ይወድቃሉ። በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። በሥራ ላይ ያለም ሰው ቢሆን አልቀረለትም፤ በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነባር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ለብቃት ምዘና ሲያስቀምጥ የማለፊያ ነጥብ ያላገኙት ጥቂቶች አልነበሩም።

ከዚህ አኳያ የጥናት ዕቅድ ማውጣት የተማሪ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወጪ ያለበት፣ ትርፍና ኪሳራ ያለበት ኢንቨስትመንት ነው። ወጪውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ነጋዴው ወንድም፣ ደላላው አጎት፣ ባለ ሱቋ እናት ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ዕቃው ስንት ያወጣል?

ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚሸጥበትን ዋጋ ይጠይቃል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ያልተጣራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ በ15፣ በ20፣ በ25 እና በ30 በመቶ ሲታሰብ ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 805 ብር ነው። ስለዚህ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል።

ግን ትርፉ 8,595 ብር ነው ማለት አይደለም። ልጅቷ አሁን ሥራ ፈት አይደለችም። ከሱቁ ብትወጣ ወንድሟ በምትኳ ሰው ለመቅጠር፣ እንበልና፣ በወር 6,000 ብር ይከፍላሉ። የኢኮኖሚክስ ምሁራን የታጣ ዕድል ዋጋ የሚሉት ይኼ ነው። ደመወዝ ባይከፈላትም የሥራዋ ዋጋ 6,000 ብር ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ከመንግሥት ሥራው በወር የሚያተርፈው 2,595 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ሥራው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ የቤት ኪራይ ይህን ትርፍ ጠራርጎ ሊበላውም ይችላል። በሌላ በኩል ጡረታ፣ የሥራ ልምድና የዕድገት መሰላል አሉ፤ እነዚህን በብር መተመን ቢያስቸግርም ሚዛን ላይ መቀመጣቸው አይቀርም።

ይህንን ስሌት ነጋዴው በጥሞና አዳመጡ። «እንዲያ ከሆነማ አያዋጣም በለኛ!» አሉ። የለም፣ ገና ነው። የሸቀጡን ዋጋ አየን እንጂ የግዢውን ወጪ አላየንም። ወጪው ደግሞ በጥናት ፕሮግራሙ ላይ ይወሰናል።

ዕቅድ ለምን ይከሽፋል?

ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት ሁልጊዜ ወደ ማሳጠሩ እንደሚያደላ አመልክተው ነበር። በካናዳ ተካሂዶ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። አማካይ ግምታቸው 33.9 ቀን ነበር። የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀን ሆነ። ሥራው ከግምቱ በ64 በመቶ ገደማ በልጧል ማለት ነው።

ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ሰው ዕቅድ ሲያወጣ የሚያየው የፊቱን መንገድ ነው፤ ያለፈውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈ ዘወር ብሎ አያይም። ልምድ ያለው የጭነት ደላላ ግን እንዲህ አያደርግም። ከኢንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለት ሰዓት ይገባል ብሎ አይዋዋልም። ባለፈው ወር የሄዱት መኪናዎች በስንት ሰዓት እንደገቡ ይጠይቃል፤ በዚያው ላይ ተመሥርቶ ቀን ይቆርጣል። ተፈታኝም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። «ስንት ሰዓት ማጥናት እፈልጋለሁ?» የሚለውን ትቶ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ሰዓት ነበረኝ?» ብሎ መጀመር ይኖርበታል።

ቆጠራ

ሱቅ ዓመት ሲያልቅ ዕቃ ይቆጠራል። የሰዓት ቆጠራ ደግሞ በሳምንት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ለሀብታምም ለድኻም እኩል ነው። የልጅቷን ሳምንት አብረን ቆጠርን።

እንቅልፍ በቀን 8 ሰዓት፣ 56። ሱቅ በሳምንት 6 ቀን በየ9 ሰዓቱ፣ 54። ምግብ፣ መታጠብና መመላለስ በቀን 3 ሰዓት፣ 21። ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ ጥየቃና ማኅበራዊ ኑሮ 10። የቤት ሥራ 7። ድምሩ 148 ነው። የቀረው 20 ሰዓት ብቻ ነው።

ይኼ 20 ሰዓትም ቢሆን ያልተጣራ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ራስ ምታት ይመጣል፣ ጎረቤት ቡና ይጠራል። ድንች ሲጓጓዝ የሚበሰብሰው እንደሚቀነስ ሁሉ ከጥናት ሰዓትም ብልሽቱ ይቀነሳል። 30 በመቶ ብልሽት ብናስብ የተጣራው 14 ሰዓት ነው። በ10 ሳምንት 140 ሰዓት። የሰንጠረዡ 840 ሰዓት የት ሄደ? ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ሦስቱ አማራጮች

አሁን ወንድምየው ምርጫ አላቸው።

አንደኛው አማራጭ ምንም ሳይለወጥ እኅታቸው በትርፍ ጊዜዋ እንድታጠና ማድረግ ነው። ወጪ የለውም፤ 140 የተጣራ ሰዓት ይገኛል።

ሁለተኛው፣ ከገበያ ቀን ውጪ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ማሳረፍ ነው። 8 ሰዓት ሲጨመር 28 ያልተጣራ፣ 19.6 የተጣራ ሰዓት በሳምንት ይሆናል፤ በ10 ሳምንት 196። በእነዚያ 20 ግማሽ ቀናት የሚተካ ሰው በ250 ብር ሒሳብ 5,000 ብር ያስወጣል።

ሦስተኛው፣ ሱቁን ጨርሳ እንድትተው ማድረግ ነው። በ6,000 ብር ለሁለት ወር ተኩል፣ 15,000 ብር። ታዲያ ሱቁን የተወ ሰው ነጻ የሆነውን ሰዓት ሁሉ ያጠናል ወይ? አያጠናም። ለሳምንታት በቀን ከ6 ሰዓት በላይ ከልቡ የሚቀመጥ ሰው እምብዛም ነው። በሳምንት 6 ቀን በየ6 ሰዓቱ 36 ያልተጣራ፣ 25.2 የተጣራ ሰዓት ነው፤ በ10 ሳምንት 252።

ልብ እንበል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ 56 ሰዓት እናገኛለን፤ ዋጋው 5,000 ብር፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት 89 ብር ገደማ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስንሄድም የምናገኘው 56 ሰዓት ነው፤ ዋጋው ግን ተጨማሪ 10,000 ብር፣ ለአንድ ሰዓት 179 ብር ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ሰዓት ዋጋ በእጥፍ ሲወደድ ጥቅሙ ደግሞ ይቀንሳል፤ በቀን ስድስተኛው ሰዓት የሚጠና ነገር እንደ መጀመሪያው ሰዓት አይገባምና።

ከትርፉ ጋር እናያይዘው። በወር 2,595 ብር ብልጫ የ5,000 ብር ወጪ በሁለት ወር ገደማ፣ የ15,000 ብር ወጪ ደግሞ በስድስት ወር ገደማ ይመለሳል፤ ይኸውም ማለፏ እርግጥ ከሆነ ነው። የማለፍ ዕድሏ ከአሥር አንድ ነው ብለን ብናስብ የመጀመሪያው ወደ 19 ወር፣ ሁለተኛው ወደ 58 ወር ይርቃል። ነጋዴው ራሳቸው ሳይነገራቸው «ሁለተኛው ነው የሚሻለው» አሉ።

ድልድል፦ የምትወደውን ሳይሆን የሚጨምርልህን

196 ሰዓት በእጅ አለ እንበል። በየትኛው ትምህርት ላይ ይዋል? ብዙ ተፈታኝ ጊዜውን የሚያፈሰው በሚያውቀው ላይ ነው። የአካውንቲንግ ምሩቅ አካውንቲንግ ታነባለች፤ ያ ይቀላታል፣ ደስም ይላታል። የገበያ ሕግ ግን ሌላ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ንባብ አይደለም፤ ራስን መፈተን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ ፈተና ላይ በአብዛኛው የሚገጥሙት የሙያ ጥያቄ፣ የመንግሥት ሥራ ሕግና መመሪያ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄ፣ እንዲሁም ቋንቋ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥያቄ በሰዓት ተይዞ ይሠራ፣ ይታረም። ልጅቷ በሙያ 70፣ በሕግና መመሪያ 30 ከመቶ አመጣች እንበል። ፈተናው ለሙያ 50፣ ለሕግ 20 ነጥብ ቢይዝ፣ 10 ሰዓት ሙያ ላይ ብታውል ከ70 ወደ 74 ከፍ ትላለች፤ በአጠቃላይ ውጤቷ ላይ 2 ነጥብ ይጨምራል። ያንኑ 10 ሰዓት ሕግ ላይ ብታውለው ከ30 ወደ 50 ልትደርስ ትችላለች፤ 4 ነጥብ ነው። ከዝቅተኛው ከፍ ማለት ከከፍተኛው ከፍ ከማለት ይቀላል። የሕጉ ውጤት 60 እና 65 ሲደርስ ደግሞ ሚዛኑ ይዞራል፤ ያኔ ወደ ሙያው መመለስ ነው።

በዚህ መሠረት የተስማማንበት ድልድል ይህን ይመስላል፦

ሙያ፦ 70 ሰዓት
ሕግና መመሪያ፦ 35 ሰዓት
ቁጥርና አመክንዮ፦ 30 ሰዓት
ቋንቋ፦ 20 ሰዓት
ሙሉ የሙከራ ፈተና በሰዓት፦ 15 ሰዓት
መጠባበቂያ፦ 26 ሰዓት

ለሙያው ክፍል መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም። የመውጫ ፈተና የወሰደ ምሩቅ ሁሉ በየትምህርት ክፍሉ የተዘጋጀው የፈተና ይዘት ዝርዝር በእጁ ይገኛል ወይም ከመምህራኑ ይገኛል። ምን መጠናት እንዳለበት ከእርሱ የተሻለ የሚናገር ወረቀት የለም። ለሕጉ ክፍል ሕገ መንግሥቱንና የሚወዳደሩበትን መሥሪያ ቤት የሚመለከተውን የሠራተኞች አዋጅ ማንበብ ይገባል። የፌዴራሉን አዋጅ አንብቦ ለክልል ቅጥር መቅረብ የሌላ ሰው ደረሰኝ ይዞ ዕቃ እንደ መጠየቅ ነው።

ማስታወቂያውን አትጠብቁ

እዚህ ላይ ከሌሎች አገሮች የሚለየን አንድ ነገር አለ። በህንድ የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን የዓመቱን ፈተናዎች ቀን በቅድሚያ ያወጣል፤ ተፈታኙም ከቀኑ ወደ ኋላ ቆጥሮ ያቅዳል። በእኛ አገር ክፍት የሥራ ቦታ የሚታወቀው ማስታወቂያ ሲወጣ ነው። ምዝገባው ብዙ ጊዜ 10 የሥራ ቀናት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የፈተናው ቀንም በውስጥ ማስታወቂያ ወይም በስልክ በአጭር ጊዜ ይነገራል። ማስታወቂያ እስኪወጣ ጠብቆ ጥናት የሚጀምር ሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ ጭነት እንደሚያራግፍ ነጋዴ ይሆናል።

መፍትሔው ጥናቱን በሁለት መክፈል ነው። የመጀመሪያው መሠረቱ ነው፤ ቁጥር፣ ቋንቋ፣ ዋና ዋና ሕጎችና የሙያው ዋና ምዕራፎች። ይህ ማስታወቂያ ሳይወጣ ዛሬ ይጀመራል። ሁለተኛው ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የሚጨመረው ነው፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ሥልጣንና ተግባር፣ የሥራ መደቡ ዝርዝር፣ የመሥሪያ ቤቱ ልዩ መመሪያዎች። መጠባበቂያው 26 ሰዓት ከሚውልባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በአዊ መሬት ላይ የሚታየውን የዲከረንስ ልማት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ችግኙን ሲተክል በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ሰብል ይዘራል። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል፤ ሰብሉ ግን በዚያው ዓመት ይታጨዳል። መሠረቱ እንደ ዛፉ፣ የማስታወቂያው ጥናት እንደ ሰብሉ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዲከረንሱን የቅጠል ዋግ መትቶት ገቢውን በዚያ ብቻ የመሠረተው ገበሬ ተጎድቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ተስፋ የጣለ ተፈታኝም ዕጣው ይኸው ነው። የቁጥሩና የቋንቋው ጥናት ለባንክም ፈተና ይሠራል፤ ስለዚህ አንዱ በር ሲዘጋ ሰዓቱ አይባክንም።

ሳምንቱ ምን ይመስላል?

28ቱ ያልተጣራ ሰዓት እንዲህ ተደለደለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በድምሩ 12 ሰዓት። ገበያ በሌለባቸው ሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ 8 ሰዓት። በሳምንት አራት ምሽት አንድ አንድ ሰዓት፣ 4 ሰዓት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት።

ንጋት ላይ ከባዱ ይሠራል፤ ቁጥርና አዲስ ምዕራፍ። ምሽት ላይ ሰውነት ስለሚደክም አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የጠዋቱ ይደገማል። ረጅሞቹ ከሰዓት በኋላዎች ለሙያውና ለሙከራ ፈተና ናቸው። የገበያ ዋዜማ ምሽት ነጻ ነው፤ በነጋታው ሱቁ ሙሉ ጉልበት ይፈልጋልና።

አደጋገሙም ሥርዓት አለው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ በነጋታው፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም በሦስተኛው ሳምንት ለጥቂት ደቂቃ ቢመለሱበት አንድ ቀን ሙሉ ከመሸምደድ ይሻላል። አደጋገሙ ደግሞ እንደገና በማንበብ መሆን የለበትም። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሮዲገርና ካርፒክ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ፈተናው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም። ደብተር ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሱትን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ማረም፤ ወረቀትና ብዕር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መጠባበቂያ የቅንጦት አይደለም

ከ196 ሰዓት 26 ሰዓት ሥራ ሳይሰጠው መቀመጡ ለብዙ ተማሪ ብክነት ይመስላል። መጋዘን ሁሉ ሞልቶ በካዝና አንድ ብር የሌለው ነጋዴ ግን የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ ዕቃውን በርካሽ ይሸጣል። በአዊ ሁኔታ ችግሩ አይቀሬ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ቆይቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚታወቅ ነው። በመሆኑም ዕቅዱ በስልክ ላይ ባለ መጽሐፍና በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። ዋና ዋናው ነገር በወረቀት ታትሞ ይያዝ። የፈተናው ቀን ሲነገር ደግሞ የጉዞው ቀን አብሮ ይታሰብ፤ ከዳንግላም ሆነ ከኢንጅባራ የሚነሣ ተፈታኝ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቶ ቢቻል ሁለት ቀን ቀድሞ ይድረስ። የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብም በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

አስቀድሞ የሚታወቅ እረፍትም በሰንጠረዡ ላይ ይጻፍ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በኢንጅባራ ሲከበር በዚያ ቀን አጠናለሁ ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። ቀኑን ባዶ አድርጎ ማቀድና ያለ ጸጸት መዋል ይሻላል። ጸጸት በነጋታውም ያለውን ሰዓት ይበላልና።

የሳምንት ሒሳብ መዝጋት

እሑድ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። አንድ ደብተር፣ ሦስት ዓምድ። የታቀደ ሰዓት፣ የተጠና ሰዓት፣ በሙከራ ጥያቄ የተገኘ ውጤት። ሁለት ሕጎች ብቻ አሉ።

አንደኛ፣ ያለፈ ሳምንት ዕዳ ወደሚቀጥለው አይዛወርም። 20 ታቅዶ 13 ከተጠና የሚቀጥለው ሳምንት 27 አይሆንም፤ ከመጠባበቂያው ይሸፈናል ወይም አነስተኛ ጥቅም ያለው ምዕራፍ ይሰረዛል። ዕዳ እየተደራረበ ነው ያማረው ሰንጠረዥ ሁሉ ከግድግዳ የሚወርደው።

ሁለተኛ፣ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት የተጠናው ከታቀደው ከሰባ በመቶ በታች ከሆነ ዕቅዱ ነው የሚስተካከለው፤ ስድብ አያስፈልግም። ሰዓቱ እያለ ውጤቱ ካልጨመረ ደግሞ የአጠናን ዘዴው ይቀየር። ሰዓት ብቻ መቁጠር ሽያጭ ሳይመዘግቡ ሱቅ የተከፈተበትን ሰዓት እንደ መቁጠር ነው።

መቼ ይቆማል?

ነጋዴ ሁሉ ኪሳራ የሚቆርጥበትን ነጥብ ያውቃል። ተፈታኞች ግን ይህንን አያስቡም፤ «አሁንስ አልፋለሁ» እያሉ ሦስትና አራት ዓመት የሚጠብቁ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ከመጀመሪያው ቀን «ሁለት ዙር ወይም ሦስት ዙር» ተብሎ ይወሰን። ከየዙሩ በኋላ ከየትኛው ክፍል ነጥብ እንደጠፋ ይጻፍ። በሙከራ ፈተና ውጤቱ ከዙር ዙር ከፍ እያለ ከሆነ መቀጠል ያዋጣል። በቦታው ከቆመ ያንን ሰዓት ወደ ሌላ ሙያ ወይም ወደ ሱቁ ማዞር ሽንፈት አይደለም።

ለቤተሰብም አንድ ቃል። ሁለት ከሰዓት በኋላ ከሰጣችሁ ስጡ። ሰጥታችሁ «እስቲ አንዴ ብቅ በዪ፣ ደንበኛ መጥቷል» ማለት የሸጣችሁትን ዕቃ መልሶ መውሰድ ነው። የሴት ልጅ ጥናት በተለይ በዚህ ይጎዳል፤ ሱቁን ዘግታ ወደ ቤት ስትገባ ወጥ ቤቱ ይጠብቃታልና። በቆጠራችን ውስጥ ያሉት 7 የቤት ሥራ ሰዓታት የወንድሞቿም ቢሆኑ ኖሮ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ በ10 ሳምንት 70 ሰዓት ይገኝ ነበር።

ይህንን የመጨረሻውን ስናገር እኅትየዋ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሰማህ?» አለች። ነጋዴው ሳቁ። ከዚያ ደብተሩን አንሥተው ሁለቱን ከሰዓት በኋላዎች በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ከጎኑም ከሰባቱ የቤት ሥራ ሰዓታት ሦስቱን በታናሽ ወንድማቸው ስም መዘገቡ። የ840 ሰዓቱ ሰንጠረዥ ለድንች ሒሳብ መሥሪያ ጀርባው አገለገለ።